ወራሽና አውራሽ፦ የአኪራ ኩሮሳዋ ሕይወትና የፊልሞቹ የባሕር ማዶ ዕጣ

መግቢያ

በኮልፌ ቀራኒዮም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች፣ የውጭ ፊልም በአንድ ተራኪ ድምፅ ወደ አማርኛ ተመልሶ መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ሽጉጥ ታጥቆ በአቧራማ መንደር መካከል ብቻውን የሚቆም ስም የለሽ ተኳሽ፣ ወይም ደሃ ገበሬዎችን ከሽፍታ ለማዳን የሚሰባሰቡ ሰባት ታጣቂዎች፣ ለፍልሚያ ፊልም ተመልካች እንግዳ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቀረው፣ እነዚህ የአሜሪካ ምዕራብ መልክ የያዙ ታሪኮች በዚህ ቅርጻቸው በመጀመሪያ የተነገሩት በጃፓን፣ በሰይፍና በቀርከሃ ጦር መሆኑ ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ፊልም ሠሪ ነው፤ አኪራ ኩሮሳዋ።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኩሮሳዋን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል። ጥያቄው የታሪክ ባለቤትነት ነው። ኩሮሳዋ ከሼክስፒር፣ ከሩሲያ ልብ ወለድና ከአሜሪካ የወንጀል ታሪኮች የወሰደ ከያኒ ነበር። በተራው ደግሞ የሆሊውድና የጣሊያን ፊልም ሠሪዎች ከእሱ ወስደዋል፤ ከፊሎቹ አስፈቅደው፣ ከፊሎቹ ሳያስፈቅዱ። በአገራችን የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ጥናት ውርስ ትርጉም የተለመደ ጽንሰ ሐሳብ ቢሆንም፣ ውርሱ የት ላይ አብቅቶ ነጠቃው የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ቀላል አይደለም። ኩሮሳዋ በሁለቱም ወገን የቆመ ሰው በመሆኑ ሕይወቱ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ተራኪው ወንድም

ኩሮሳዋ ማርች 23 ቀን 1910 በቶኪዮ ተወለደ። ለቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ ኢሳሙ የዘር ሐረጋቸው ከሳሙራይ ወገን የሚመዘዝ፣ በጦር ሠራዊቱ የአካል ማጎልመሻ ተቋም ሥር በነበረ ትምህርት ቤት በኃላፊነት ያገለገሉ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ ብዙ የዘመኑ ወላጆች ፊልምን እንደ ዋልጌነት በሚቆጥሩበት ጊዜ፣ እኒህ አባት ልጆቻቸውን ወደ ሲኒማ ቤት ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ኩሮሳዋ ገና በልጅነቱ በአንድ ወገን የሰይፍ ልምምድንና የጃፓንን ጥንታዊ ሥርዓት፣ በሌላ ወገን የአሜሪካንና የአውሮፓን ድምፅ አልባ ፊልሞች እያየ አደገ። በኋላ የአገሩ ሐያሲያን ምዕራባዊነት ያጠቃዋል እያሉ ሲከሱት፣ ክሱ ያላስተዋለው ይህንን የአስተዳደግ ጥምረት ነበር።

ከቤተሰቡ ሁሉ በኩሮሳዋ ላይ ከፍተኛውን ተጽዕኖ ያሳደረው በአራት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ሄይጎ ነው። በሴፕቴምበር 1923 ቶኪዮንና አካባቢውን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ኩሮሳዋ 13 ዓመቱ ነበር። ሄይጎ ታናሹን ይዞ በፍርስራሹና በሬሳው መካከል አዘዋወረው፤ ፊቱን እንዳያዞርም ከለከለው። ፈርቶ ከመሸሽ ይልቅ አተኩሮ ማየት የኩሮሳዋ የሥነ ጥበብ መመሪያ ሆኖ የቀረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሄይጎ ሥራው ቤንሺ ነበር። ቤንሺ ማለት ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ለተመልካች የሚተርክ፣ የገጸ ባሕርያቱንም ንግግር በየድምፃቸው የሚያሰማ ባለሙያ ነው። የሆሊውድ ፊልም ወደ ጃፓን ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው በቤንሺው አንደበት ነበርና፣ ባዕዱን ታሪክ የራስ የማድረግን ጥበብ ኩሮሳዋ በቅርብ ያየው ከወንድሙ ነው። ባለድምፅ ፊልም ሲመጣ ግን ተራኪዎቹ ሥራ አጡ። ሄይጎ የባልደረቦቹን አድማ ከመሩት አንዱ ቢሆንም አድማው ከሸፈ፤ በ1933 ራሱን አጠፋ። ኩሮሳዋ የሞያ ሕይወቱን የጀመረው፣ ወንድሙን ለሞት በዳረገው በዚሁ ባለድምፅ ፊልም ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ፊልምና ያልወደደው ተከታይ

ሠዓሊ ለመሆን ይጥር የነበረው ኩሮሳዋ በ1936፣ በኋላ ቶሆ ተብሎ በታወቀው የፊልም ኩባንያ በረዳት ዳይሬክተርነት ተቀጠረ። በካጂሮ ያማሞቶ ሥር ሆኖም የፊልም ጽሑፍን፣ ቅንብርንና የተዋናይ አመራርን ተማረ። በራሱ ስም የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው በ1943 ነው። ፊልሙ «ሱጋታ ሳንሺሮ» የሚል ሲሆን፣ ከጹኔዎ ቶሚታ ልብ ወለድ የተወሰደና የጁዶ ስፖርት በተወለደበት ዘመን የሚኖርን አንድ ወጣት ታጋይ ታሪክ የሚተርክ ነው።

ፊልሙ በሕዝብ ዘንድ ተወደደ። ኩባንያው ወዲያው ተከታይ ክፍል ጠየቀ፤ ኩሮሳዋም ሳይወድ በ1945 ሠራው። ሁለተኛው ክፍል ጀግናውን ከአሜሪካዊ ቦክሰኛ ጋር የሚያጋጥም፣ የጦርነቱን ጊዜ ፕሮፓጋንዳ ያዘለ ሥራ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸርም ደካማ ነው። ተከታይ ክፍል የሚወለደው ከታሪኩ ውስጣዊ ፍላጎት ሳይሆን ከገበያው ወይም ከመንግሥት ትእዛዝ ሲሆን ምን እንደሚሆን ኩሮሳዋ በሥራው መጀመሪያ ላይ አየ። ይህ ትምህርት በ1962 ሁለተኛውን ተከታይ ክፍሉን ሲሠራ ጠቀመው።

ከሽንፈቱ በኋላ በአሜሪካ ጦር በተያዘችው ጃፓን ኩሮሳዋ ፊቱን ወደ ዘመኑ ኑሮ መለሰ። በ1948 «ሰካራሙ መልአክ» በተሰኘው ፊልም ቶሺሮ ሚፉኔን መሪ ተዋናይ አደረገው፤ ሁለቱ እስከ 1965 ድረስ 16 ፊልሞችን አብረው ሠርተዋል። በ1950 ከሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ አጫጭር ልብ ወለዶች ተነሥቶ «ራሾሞን»ን ሠራ። አንድን ግድያ አራት ሰዎች በአራት መንገድ የሚተርኩበት ይህ ፊልም በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ። የጃፓን ፊልም ለዓለም በር የተከፈተለት በዚያን ጊዜ ነው። በ1964 አሜሪካዊው ማርቲን ሪት ታሪኩን ወደ አሜሪካ ምዕራብ አዛውሮ ደገመው። የኩሮሳዋ ፊልሞች በሌሎች እጅ ዳግም መሠራት ግን የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ሰባቱ ሳሙራይ፦ በፈቃድ የተሰጠ ውርስ

በ1954 ለዕይታ የበቃው «ሰባቱ ሳሙራይ» ከጸሐፊዎቹ ከሺኖቡ ሃሺሞቶና ከሂዴዎ ኦጉኒ ጋር በጋራ የተጻፈ፣ 207 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ16ኛው መቶ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ነው። ሽፍቶች በየመከሩ የሚዘርፏቸው ገበሬዎች፣ ከሩዝ በቀር የሚከፍሉት ሳይኖራቸው፣ ጌታ የሌላቸው ሰባት ሳሙራይዎችን ይቀጥራሉ። ኩሮሳዋ የመጨረሻውን ውጊያ በዝናብና በጭቃ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ በበርካታ ካሜራዎች ቀረጸው። ባለሙያዎች ዛሬ በፍልሚያ ፊልም ውስጥ እንደ ተራ ነገር የሚቆጥሯቸው ብዙ ስልቶች፣ ጀግኖችን አንድ በአንድ መመልመል፣ የመንደሩን ካርታ ለተመልካች አስቀድሞ ማስጠናት፣ የወደቀን ሰው እንቅስቃሴ ማዘግየት፣ በዚህ ፊልም ተሰባስበው ይገኛሉ።

ሆኖም የፊልሙ ክብደት ያለው በውጊያው ላይ ብቻ አይደለም። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ችግኝ ሲተክሉ፣ የተረፉት ተዋጊዎች በጓዶቻቸው መቃብር ሥር ቆመው ይቀራሉ። ድሉ የገበሬው እንጂ የታጣቂው አይደለም። በሁለቱ መደቦች መካከል ያለው ገደልም በአብሮ መዋጋት አልተሞላም።

በ1960 ጆን ስተርጀስ ታሪኩን በመብት ገዝተው ባመጡት አዘጋጆች በኩል ተረክቦ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»ን ሠራ። መንደሩ የሜክሲኮ ሆነ፤ ሰይፉ ሽጉጥ ሆነ። የፊልሙ መግለጫ ጽሑፍ ምንጩ የጃፓን ፊልም መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ስተርጀስ የታሪኩን አጥንት ጠብቆ የመደብ ጥያቄውን አለዘበው፤ የጃፓኑ ሳሙራይ ከገበሬው የሚለየው በትውልድ ሲሆን፣ የአሜሪካው ተኳሽ ግን ገበሬ ለመሆን ቢመርጥ የሚከለክለው የለም። ይህ ልዩነት ከአልባሳት ለውጥ ይበልጣል፤ ዳግም ሥራ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ታሪኩ የቆመበትን ማኅበራዊ መሠረት ጭምር እንደሚተረጉም ያሳያል።

ውርሱ በዚያ አላበቃም። የአሜሪካው ፊልም በ1966፣ በ1969ና በ1972 ሦስት ተከታይ ክፍሎችን ወለደ፤ በ2016 ደግሞ ራሱ ዳግም ተሠራ። የሕንዱ «ሾሌ» በ1975 ሲወጣ የእነዚሁ ፊልሞች አሻራ ይታይበት ነበር። እያንዳንዱ ቅጂ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ሩዙን የሚከፍለው ገበሬ እየደበዘዘ፣ መሣሪያ የያዘው ጀግና እየጎላ ሄደ።

ኩሮሳዋ እንደ ወራሽ

ኩሮሳዋ በእነዚሁ ዓመታት ራሱ ከሌሎች ይወስድ ነበር። በ1951 የዶስቶየቭስኪን «ዘ ኢዲየት» ወደ ሰሜን ጃፓን በረዶ አዛወረ። በ1957 የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወስዶ «የሸረሪት ድር ግንብ» በሚል ርእስ ሠራው። ከሼክስፒር ግጥም አንድም መስመር አላስቀረም፤ በምትኩ የኖህ ቴአትርን የፊት ገጽታ፣ የእግር አጣጣልና ዝምታ አገባበት። ንጉሡ በራሱ ወታደሮች ቀስት ተወግቶ የሚሞትበት መጨረሻም በሼክስፒር ዘንድ የለም። በአገራችን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ አማርኛ ሲመልሱ ቃሉን ተቀብለው በራሳቸው የግጥም ምት አደሱት፤ ኩሮሳዋ ግን ቃሉን ትቶ መዋቅሩን ብቻ ወሰደ። ሁለቱ መንገዶች የውርስ ትርጉምን ሁለት ጫፎች ያመለክታሉ።

ሼክስፒርም ሆነ ዶስቶየቭስኪ የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈ ደራሲያን በመሆናቸው ከእነርሱ መውሰድ የሕግ ጥያቄ አያስነሣም። በሕይወት ያለ ደራሲ ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። ኩሮሳዋ በ1963 «ሰማይና ሲኦል» የተሰኘውን የጠለፋ ታሪክ ሲሠራ፣ ምንጩ አሜሪካዊው ኤድ ማክቤይን በ1959 ያሳተመው ልብ ወለድ መሆኑን በፊልሙ ላይ አስፍሯል።

ይህ የመውሰድና የማደስ ጥያቄ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ በመጽሐፋቸው ያቀረቧት ጃፓን፣ የባዕዱን ጥበብ ተቀብላ ራሷን ያላጣች አገር ነበረች። የኩሮሳዋ ፊልሞች ያንኑ ሐሳብ በሥነ ጥበብ መስክ የሚፈትኑ ሥራዎች ናቸው።

ዮጂምቦና የእፍኝ ዶላሩ ክርክር

በ1961 የወጣው «ዮጂምቦ» ጌታ አልባ ሳሙራይ ወደ አንዲት የተረገመች ከተማ ገብቶ፣ እርስ በርስ የሚፋለሙ ሁለት የወንበዴ ቡድኖችን በተራ እያታለለ ሲያጠፋቸው ያሳያል። ተመልካች ስለወደደው ቶሆ እንደገና ተከታይ ጠየቀ። ኩሮሳዋ በዚህ ጊዜ ብልሃት ዘየደ። ከሹጎሮ ያማሞቶ ታሪክ ተነሥቶ አዘጋጅቶት የነበረውን ሌላ ጽሑፍ ቀየረና ያንኑ ሳሙራይ አስገባበት። በ1962 የወጣው «ሳንጁሮ» በዚህ መንገድ ተወለደ። ተከታዩ የመጀመሪያውን አይደግምም፤ ይልቁንም ይጠይቀዋል። ሰይፍ ከሰገባው መውጣቱ ጀግንነት ነው ወይስ ውድቀት የሚለው ጥያቄ የፊልሙ እምብርት ነው። የመጨረሻው ግጥሚያ በአንድ ምት ሲያልቅም ድል አድራጊው አይደሰትም።

ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 «አንድ እፍኝ ዶላር»ን ሲያወጣ ታሪኩን ወደ ሜክሲኮ ድንበር አመጣው፤ ሳሙራዩን የተካው ክሊንት ኢስትውድ ነበር። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያየ ሰው መመሳሰሉ በሐሳብ ላይ ብቻ እንዳልቆመ ያስተውላል። ሬሳ ሳጥን ሠሪው፣ የታገተችው እናት፣ ጀግናው ተደብድቦ በመሬት እየዳኸ ማምለጡ፣ ሁሉም በቅደም ተከተላቸው ይገኛሉ። የመጨረሻው ግጥሚያ እንኳ አቻ አለው፤ በጃፓኑ ፊልም ሽጉጥ የያዘ ባላንጣ በሰይፍና በቢላዋ ይሸነፋል፣ በጣሊያኑ ጠመንጃ የያዘው በሽጉጥ ይሸነፋል። ፈቃድ ግን አልተጠየቀም፤ የኩሮሳዋም ስም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም።

ኩሮሳዋና አብሮት የጻፈው ሪዩዞ ኪኩሺማ ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ገለጹ፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ አመራ። የሊዮኔ ወገን የመከላከያ ክርክር ቀላል አልነበረም። ሁለት ጌቶችን የሚያገለግል ሎሌ ታሪክ በ18ኛው መቶ ዘመን በጣሊያናዊው ጎልዶኒ ተውኔት ውስጥ አለ። «ዮጂምቦ» ራሱም ቢሆን ዳሺየል ሃሜት በ1929 ካሳተመው «ቀይ መከር» ልብ ወለድ ጋር ይመሳሰላል፤ ኩሮሳዋም ከዚሁ ደራሲ ሌላ ታሪክ የተሠራ የአሜሪካ ፊልም እንዳነሣሣው ያመነ ሰው ነው። የሃሜት ስም ግን በ«ዮጂምቦ» ላይ አልሰፈረም።

ክርክሩ በስምምነት ተቋጨ። የጃፓኑ ወገን ፊልሙን በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያና በታይዋን የማከፋፈል መብትና ከዓለም አቀፉ ገቢ 15 በመቶ እንዲያገኝ ተደረገ። ፊልሙ አሜሪካ የገባው በ1967 ነው። ሊዮኔ በ1965ና በ1966 ሁለት ተከታዮችን ሠርቶ የጣሊያኑን ምዕራባዊ ፊልም ለዓለም አስተዋወቀ። በ1996 ዋልተር ሂል ያንኑ ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሠራው የኩሮሳዋንና የኪኩሺማን ስም በግልጽ አስፍሯል።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር ከገንዘቡ ይልቅ በሚለየው መስመር ላይ ነው። ሁለት ጌቶችን የሚያታልል ሰው የማንም ንብረት አይደለም። ያንን ሰው በዚህች ከተማ፣ በዚህ የትዕይንት ቅደም ተከተል፣ በእነዚህ ገጸ ባሕርያት መካከል ያቆመው አገላለጽ ግን ባለቤት አለው። ኩሮሳዋ ከሃሜት ያገኘው ሐሳቡን ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሊዮኔ ከኩሮሳዋ የወሰደው አገላለጹን ጭምር ነበር። በሌላ በኩል ሊዮኔ የራሱን የፊት ቅርበት፣ የጊዜ አወራረድና የሙዚቃ ቋንቋ አምጥቷልና ሥራው ባዶ ግልባጭ አይደለም። በደለኛነትና ፈጣሪነት በአንድ ፊልም ውስጥ አብረው ሊኖሩ መቻላቸው የጉዳዩ አስቸጋሪ ገጽታ ነው።

ውድቀትና የተመለሰ ብድር

በዚያው ዘመን የኩሮሳዋ ሥልጣን በአገሩ መሸርሸር ጀመረ። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም በመጀመሪያ ለእሱ የታሰበ ቢሆንም በመጨረሻ ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳናዎች ብቻውን ሲሮጥ የሚያሳየው ረጅም ትዕይንት የኢቺካዋ ሥራ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1965 «ቀይ ጺም» ከተሠራ በኋላ ከሚፉኔ ጋር የነበረው ትብብር አበቃ። ሆሊውድ «ቶራ! ቶራ! ቶራ!» ለተባለው የፐርል ሃርበር ፊልም የጃፓኑን ክፍል እንዲሠራ ቢቀጥረውም፣ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ በ1968 መጨረሻ አሰናበተው። በ1970 የሠራው ፊልም ገበያ አላገኘም። በዲሴምበር 1971 ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ።

ያነሡት የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው። የሶቪየት ኅብረት የፊልም ተቋም ጋብዞት በ1975 «ዴርሱ ኡዛላ»ን ሠራ፤ ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ባወጣው «ስታር ዋርስ» ውስጥ፣ የኩሮሳዋ የ1958 ፊልም «ስውሩ ምሽግ» አሻራ እንዳለበት አልደበቀም፤ ታሪኩን በሁለት ተራ ሰዎች ዓይን የመንገርን ስልት ወስዶ ሁለት ሮቦቶችን በምትካቸው አቁሟል። ኩሮሳዋ ለ«ካጌሙሻ» ገንዘብ ሲያጣ፣ ሉካስና ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ያንኑ ቀድሞ ያሰናበተውን ኩባንያ አግባብተው የቀረውን ወጪ አስሸፈኑለት። ፊልሙ በ1980 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ተጋራ። በ1985 በፈረንሳዊ አዘጋጅ እርዳታ ወደ ሼክስፒር ተመልሶ «ኪንግ ሊር»ን ከጃፓን የጦር መኳንንት ታሪክ ጋር አዋሕዶ «ራን»ን ሠራ። በ1990 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ሽልማቱን ያበረከቱለት ሉካስና ስቲቨን ስፒልበርግ ነበሩ።

ኩሮሳዋ 30 ፊልሞችን ሠርቶ በ88 ዓመቱ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ አረፈ። ዳግም ሥራዎቹ ከሞቱም በኋላ አልተቋረጡም፤ በ1952 የሠራው «መኖር» በ2022 በእንግሊዝ፣ «ሰማይና ሲኦል» ደግሞ በ2025 በአሜሪካ እንደገና ተሠርተዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ተከታይ ክፍል በባሕርዩ ደካማ አይደለም፤ የ1945ቱና የ1962ቱ ተከታዮች ልዩነት የሚያሳየው፣ ተከታዩ የመጀመሪያውን ሲደግም እንደሚሞት፣ ሲጠይቀው ግን እንደሚኖር ነው። ሁለተኛ፣ ዳግም ሥራ ከቦታ ቦታ ሲሻገር ቅድሚያ የሚያጣው የታሪኩ ማኅበራዊ ክብደት ነው፤ አዲሱ ሠሪ በአገሩ እውነት ካልተካው ባዶ ፍልሚያ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ምንጭን መናገር ከጨዋነት ያለፈ ጥቅም አለው። የስተርጀስ ፊልም ምንጩን በመናገሩ አላነሰም፤ የሊዮኔ ፊልም በመደበቁ አላተረፈም፤ የሉካስ ግልጽነት ደግሞ አረጋዊውን ባለሙያ ወደ ሥራው መለሰው።

የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ሳይሆን የሐሳብን አገላለጽ ይጠብቃል፤ ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብትንም ለባለቤቱ ይሰጣል። የውጭ ፊልም ታሪክን እያለመዱ መሥራትና የውጭ ፊልምን በአማርኛ እየተረኩ ማቅረብ በተስፋፋበት በአሁኑ ጊዜ፣ በ«ዮጂምቦ» ክርክር የተሰመረው መስመር ለአገራችን ፊልም ሠሪም ሆነ ለተመራማሪው ቅርብ ነው። ሕጉ የተወሰደውን ይመዝናል፤ የተጨመረውን መመዘን ግን የሐያሲው ሥራ ነው። የኩሮሳዋ ፊልሞች ሁለቱም ሚዛኖች በአንድነት ካልተያዙ ፍርዱ ጎደሎ እንደሚሆን ያሳያሉ።